አራት ዓመት ተምሮ ምን ይዞ ወጣ?

በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በትምህርት ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር





በሰው አገር 25 ዓመት ሳይበተኑ መቆየት ቀላል አይደለም። ማኅበራችን እዚህ ናይሮቢ ላይ ሲመሠረት ዋናው ጭንቀት የሞተውን በወግ መቅበር፣ የታመመውን መጠየቅ፣ የመኖሪያ ወረቀት ያጣውን መርዳት ነበር። ያን ጊዜ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደ ስብሰባ ይመጡ የነበሩ ሕፃናት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ አንዳንዶቹም ተመርቀው ከፊታችን ተቀምጠዋል። ለዚህ ያበቃን ፈጣሪ ይመስገን።

የበዓሉ አዘጋጆች "ስለ ትምህርት አንድ ነገር በሉ" ሲሉን ትንሽ ተቸገርን። የትምህርትን ጥቅም ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከሱቃችሁ፣ ከምግብ ቤታችሁ፣ ከሌሊት ሥራችሁ ቆርሳችሁ ልጅ ያስተማራችሁ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ጠበብ ያለ፣ ነገር ግን በቅርቡ እዚሁ ቤታችን ውስጥ የተነሣ አንድ ጥያቄ መረጥን። ጥያቄው በመጀመሪያ ዲግሪ ሳይኮሎጂ የሚያጠኑ ልጆቻችን በቆይታቸው ምን ይማራሉ፣ መማራቸውስ በምን ይታወቃል የሚል ነው።

ጥያቄው እንዴት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ "ኢንጂነሪንግ የተማረ ቤት ይሠራል፤ አካውንቲንግ የተማረ ሒሳብ ይዘጋል፤ ነርሷ መርፌ ትወጋለች። ሳይኮሎጂ የተማረችው ልጄ ምን እንደምትችል በምን አውቃለሁ? ውጤቷ ጥሩ ነው ይሉኛል። ውጤቱ ግን ወረቀት ላይ ነው" አሉ። ቤቱ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያም ሌሎች አባላት የትምህርት ድጋፍ ገንዘባችን ውስን በመሆኑ "ምን እንደሚያስተምር ለማይታወቅ ትምህርት" መክፈል ይቁም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጉባኤው ውሳኔውን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድሮ ነገሩን እንድናጠና አዘዘን። ዛሬ የምናቀርበው ያገኘነውን ነው።

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ የራሳችንን ጥፋት ልንናዘዝ ይገባል። ታሪኩ ያለ ስም እንዲነገር ባለጉዳዮቹ ሁሉ ፈቅደውልናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ አባል ቤተሰብ ልጅ እንቅልፍ አጣ። ምግብ ተወ፤ ብቻውን ይናገር ጀመር፤ ጎረቤት ሁሉ እያሴረብኝ ነው ይል ነበር። ቤተሰቡ ወሬው እንዳይወጣበት ፈርቶ በምስጢር ወደ እኛ መጣ። እኛም "ሳይኮሎጂ የተመረቀች ልጅ አለችን" ብለን፣ ዲግሪዋን ከያዘች ዓመት ያልሞላትን አንዲት ልጃችንን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ልጅቱ ከልጁም ከእናቱም ጋር ተቀምጣ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ወደ በረንዳው ጠራችንና፣ "ጋሼ፣ ይህን እኔ ማከም አልችልም፤ አልተማርኩትምም። የአእምሮ ሐኪም በቶሎ ሊያየው ይገባል። የት እንደሚኬድ አውቃለሁ፤ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ አብሬያችሁ እሄዳለሁ" አለችን።

እኛ ግን ቅር አለን። ከመካከላችን አንዱ እሷ እየሰማች፣ "ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማር ኖረች?" አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን፤ ዝምታችንም መስማማት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንዱ ዘመድ ምክር ወደ ሌላው ስንዞር ቆይተን፣ ነገሩ ሲብስ ነው በመጨረሻ እሷ ወደ ጠቆመችው ሐኪም የሄድነው። ልጁ ዛሬ በመድኃኒትና በክትትል ላይ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ግን ተመልሰው አይመጡም። የባከኑትም በእኛ እጅ ነው።

ስለዚህ ያን ቀን በንቀት የተጠየቀውን ጥያቄ ዛሬ በቁም ነገር እንመልሰው። ያቺ ልጅ አራት ዓመት ምን ስትማር ኖረች?

በመጀመሪያ ያልተማረችውን እንይ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ማግኘት ሕመምተኛን ለማከም ፈቃድ ማግኘት አይደለም። መድኃኒት የሚያዝዘው የአእምሮ ሐኪም በቅድሚያ ሕክምና ያጠና ሐኪም ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚባለውም ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት ተምሮ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ተለማምዶ ነው ለሥራው የሚበቃው፤ በአሜሪካ እንዲያውም በአብዛኛው የዶክትሬት ዲግሪ ይጠየቃል። እኛ በምንኖርበት በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአማካሪዎችና የሳይኮሎጂስቶች አዋጅ በሙያው ለመሥራት መመዝገብን ይጠይቃል። እንግዲህ አንዲት አዲስ ተመራቂ "አላከመችም" ብሎ መክሰስ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰን ልጅ "ለምን ድልድይ አልሠራህም" እንደማለት ነው።

ቀጥሎ የተማረችውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1892 የተመሠረተው የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ምን ማወቅና ምን መቻል እንዳለበት የሚዘረዝር መመሪያ አለው። በ2013 ያወጣው ሁለተኛው እትም ነገሩን በ5 ግቦች ከፍሎታል፤ በ2023 የጸደቀው ሦስተኛው እትምም 5ቱን ክፍሎች አሻሽሎ ይዟል። ሌሎች አገሮች የራሳቸው ሥርዓት ቢኖራቸውም፣ ይህ መመሪያ ለወላጅ ጥሩ ካርታ ስለሆነ በአጭሩ በራሳችን ቋንቋ እንዘርዝረው።

አንደኛው የትምህርቱ እውቀት ነው። ሰው እንዴት ያስታውሳል፣ ለምን ይረሳል? ልጅ እንዴት ያድጋል? ፍርሃትና ልማድ እንዴት ይመጣሉ? ሰው በብዙኃን መካከል ሲሆን ጠባዩ ለምን ይለወጣል? ጤና ሲታወክስ ምልክቱ ምንድን ነው?

ሁለተኛው ሳይንሳዊ ምርመራና ማመዛዘን ነው። አንድ ነገር ሲነገር "ይህ በምን ታወቀ?" ብሎ መጠየቅ፣ ጥናት መንደፍ፣ ቁጥርን በስታቲስቲክስ መመርመር እዚህ ይገባል። ብዙ ወላጅ ሳይኮሎጂ ወሬ ብቻ ይመስለዋል፤ ልጆቻችን ግን በሁለተኛ ዓመት ላይ የሚያለቅሱት በስታቲስቲክስ ነው።

ሦስተኛው ሥነ ምግባር ነው። የሰውን ምስጢር መጠበቅ፣ ጥናት ውስጥ የሚገባን ሰው ፈቃድ መጠየቅ፣ በዘርና በሃይማኖት ከእኛ የሚለየውን ማክበር፣ የራስን ችሎታ ወሰን ማወቅ ነው።

አራተኛው ሐሳብን በጽሑፍና በንግግር በግልጽ ማቅረብ፣ ሌላውንም ማዳመጥ ነው።

አምስተኛው ራስን ለሥራ ማዘጋጀት ነው፤ በቡድን መሥራት፣ ጊዜን መጠቀም፣ የተማሩትን ወደ ሥራ መለወጥ።

አሁን ያቺን ልጅ በእነዚህ አምስት መስኮች መዝኗት። ምልክቱን አይታ ከባድ መሆኑን ለየች። ሳታቋርጥ አዳመጠች። የችሎታዋን ወሰን አውቃ ተናገረች። በታላላቆቿ ፊት ሳታፍር እውነቱን በግልጽ አስረዳች። መንገዱንም አሳየች። ፈተናውን አልፋለች ማለት ነው። የወደቅነው እኛ ፈታኞቹ ነን።

ይሁን እንጂ የአንዲት ልጅ ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ይህንንም የሚያስተምረው ራሱ ሳይኮሎጂ ነው። የአባትየው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ተማሪዎች በአጠቃላይ መማራቸው በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው የለመድነው መለኪያ የኮርስ ውጤት ነው። ውጤት ከንቱ አይደለም፤ ትጋትን ያሳያል። ነገር ግን ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሚዛኑ ይለያያል። ደግሞም ለፈተናው ሌሊት የተሸመደደው ሁሉ አይከርምም። ኸርማን ኢቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ራሱን እየፈተነ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ የሸመደድነው ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ በሴሚስተሩ መጨረሻ የተገኘ "ኤ" ከሁለት ዓመት በኋላ በጭንቅላት ውስጥ ምን እንደቀረ አይነግረንም።

ሁለተኛው መለኪያ በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና መስጠት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢቲኤስ በተባለው የፈተና ድርጅት ተዘጋጅቶ ለረጅም ዓመታት ለሳይኮሎጂ ተመራቂዎች ሲሰጥ የቆየ የምርጫ ፈተና አለ። በአገራችንም ቀደም ሲል በሕግ ትምህርት ተለምዶ የነበረው የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሳይኮሎጂን ጨምሮ ለሌሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰጥቷል። ያን ጊዜ በመንግሥትና በግል ተቋማት ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች የማለፊያውን 50 በመቶ ያገኙት 61,054 ነበሩ፤ ይህም 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ብዙ ቤተሰብ አስደንግጧል። ለዓመታት ጥሩ ውጤት ሲያመጡ የኖሩ ልጆች በመጨረሻው ቀን ተሰናክለዋልና።

እንዲህ ያለ ፈተና ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ለሁሉም አንድ ሚዛን ይሆናል። ሌላም በረከት አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ያነበቡትን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 42 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ደግሞ በማንበብ ፈንታ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ያህሉን አስታውሰዋል። እንግዲህ ፈተና መለኪያ ብቻ ሳይሆን ማስተማሪያም ነው ማለት ነው። ልጆቻችን ይህን ያዙልን፤ መጽሐፉን አሥር ጊዜ ከማገላበጥ ዘግቶ ራስን መጠየቅ ይሻላል።

ጉድለቱስ? የምርጫ ፈተና ከአምስቱ ግቦች በተለይ የመጀመሪያውን፣ በጥሩ ሁኔታ ከተዘጋጀም የሁለተኛውን ከፊል ይመዝናል። ያቺ ልጅ በረንዳ ላይ ያሳየችውን ነገር ግን "ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ" ብሎ መፈተን ይከብዳል።

ሦስተኛው መንገድ ተማሪውን ራሱን "ምን ያህል ተማርክ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በምረቃ ሰሞን መጠይቅ ያድላሉ። ተማሪው ስለ አስተማሪዎቹና ስለ ቆይታው የሚሰጠው አስተያየት ይጠቅማል፤ ለእውቀቱ ምስክር አድርጎ መውሰዱ ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሩገርና ደኒንግ ባደረጉት የታወቀ ጥናት፣ በፈተናው ከሁሉ በታች የሆነው ሩብ ክፍል በአማካይ 12ኛው ፐርሰንታይል ላይ ሆኖ ሳለ ራሱን 62ኛው ላይ ገምቷል። በእኛ አነጋገር፣ መቶ ሰው ከታች ወደ ላይ ቢሰለፍ 12ኛው ላይ የቆመው ሰው ከመሐል ያለፈ መስሎታል። የማያውቅ ሰው አለማወቁን ለማወቅም እውቀት ይጎድለዋል።

አራተኛው፣ እኛን ከሁሉ የበለጠ ያሳመነን፣ ያንኑ ተማሪ ሲገባና ሲወጣ መመዘን ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው ኬሻውን ባዶውን ሳይመዝን ሙሉውን ብቻ ቢመዝን የእህሉን ልክ አያውቅም። ሌማንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተለያየ ትምህርት የሚያጠኑ ተማሪዎችን በአንደኛ ዓመትና እንደገና በአራተኛ ዓመት ፈተኗቸው። የፈተኑትም የመጽሐፍ ትርጓሜ ሳይሆን፣ በዕለት ኑሮ የሚገጥም ነገር ላይ እንዴት እንደሚያስቡ ነው። ሳይኮሎጂና ሌሎች የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶችን ያጠኑት በስታቲስቲክስና በጥናት ዘዴ ማሰብን በሚጠይቁት ጥያቄዎች ላይ በጣም ተሻሻሉ። የተፈጥሮ ሳይንስና የሥነ ጽሑፍ ዘርፎችን ያጠኑት ደግሞ "እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ ይሆናል" በሚል ዓይነት አመክንዮ ተሻሻሉ።

"ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲሁም ይበስላል፤ የትምህርቱ ውጤት መሆኑ በምን ታወቀ?" የሚል ካለ ጥሩ ጠይቋል። መልሱ እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። ሁሉም በእኩል አድገዋል፤ የተሻሻሉበት ነገር ግን እንደ ትምህርታቸው ተለያየ። ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በአንድ ዓይነት ነገር በተሻሻሉ ነበር።

ይህ "በስታቲስቲክስ ማሰብ" የሚባለው ነገር ለቤታችን ምን እንደሚፈይድ በአንድ ምሳሌ እናሳያችሁ። ብዙ ወላጅ "ልጄን ሳመሰግነው ይሰንፋል፤ ስቆጣው ይጎብዛል" ይላል። የሚያየውንም በትክክል ያያል። ልጁ ከመቶ 95 አምጥቶ ሲመሰገን በሚቀጥለው 85 ያመጣል፤ 60 አምጥቶ ሲቀጣ በሚቀጥለው 72 ያመጣል። ነገር ግን በፈተና ውጤት ውስጥ ከችሎታ ሌላ የዕለት አጋጣሚ አለ። እጅግ ጥሩ ከሆነ ቀን በኋላ የሚመጣው ውጤት በአብዛኛው ወደ ልጁ መደበኛ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ እጅግ መጥፎ ከሆነው በኋላም ወደዚያው ከፍ ይላል። ባናመሰግነውም ባንቆጣውም ይህ ይሆን ነበር። ዳንኤል ካህነማን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሳይኮሎጂስት፣ ይህንኑ ስህተት በእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎች ላይ አይቶ ጽፏል። ያመሰገኑት አብራሪ በሚቀጥለው ሲደክም፣ የሰደቡት ሲሻሻል እያዩ ስድብ ያስተምራል ብለው ደምድመው ነበር። በቤታችን ስንት ልጅ በዚህ የሒሳብ ስህተት ምክንያት ምስጋና ሳይሰማ አድጎ ይሆን? ይህን የሚያርም ትምህርት ሥራ የለውም ለማለት እኛ አንደፍርም።

አምስተኛውና የመጨረሻው መለኪያ የተማሪው የእጅ ሥራ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የልምምድ ሥራው፣ በሰው ፊት ያቀረበው ጥናት። እዚህ ላይ ለእኛ ለስደተኛው ወገን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ስድስት የታወቁ የአሜሪካ የሳይኮሎጂ መጽሔቶችን መርምሮ ነበር። ከተጠኑት ሰዎች 68 በመቶው ከአሜሪካ፣ በአጠቃላይም 96 በመቶው ከበለጸጉት የምዕራብ አገሮች የመጡ ሆነው አገኛቸው። ስለዚህ የእኛ ልጅ መጽሐፉን መድገም ብቻ ሳይሆን፣ "ይህ ለእናቴም ይሠራል ወይ?" ብሎ መጠየቅ መቻል አለበት።

አንዲት የእኛው ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ጭንቀትና ሐዘን መጠይቅ ወደ አማርኛ ስትመልስ "ድብርት" በሚለው ቃል ላይ ተሰናከለች። የጤና ባለሙያው ቃሉን ለሕመም ይጠቀምበታል፤ ወጣቱ ግን "ደበረኝ" ሲል ሰለቸኝ ማለቱ ነው። አሮጊቷ እናት ደግሞ "ልቤ አዘነብኝ፣ ሰውነቴ ከበደኝ" ይላሉ እንጂ ሌላ ስም አይሰጡትም። ተማሪዋ ለወጣቱም ለአሮጊቷም እያነበበች፣ እያረመች፣ መልሳ እየጠየቀች ነው የጨረሰችው። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የታወቀው የድብርት መለያ መጠይቅም በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል፤ ቋንቋችንን ከእኛ የተሻለ ማንም አያውቅልንምና።

ውድ ወላጆች፣ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ቡና ላይ ለልጆቻችሁ የምታቀርቧቸው ሦስት ጥያቄዎችን እንጠቁማችሁ። ዲግሪ የሌለው ወላጅም ሊጠይቃቸው ይችላል።

አንደኛ፣ "ይህን በምን አወቃችሁ?" በሉ። ለምሳሌ "ሰው የሚጠቀመው አሥር በመቶ የአእምሮውን ክፍል ብቻ ነው" የሚለውን የተለመደ አባባል አንሡላቸው። አባባሉ ሐሰት ነው። ደህና የተማረ ልጅ ሐሰት መሆኑን መናገር ብቻ ሳይሆን በምን እንደታወቀም ያስረዳችኋል፤ ትንሽ የአእምሮ ክፍል ሲጎዳ እንኳ ሰው ንግግሩን ወይም እጁን እንደሚያጣ ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ "የማትችሉት የቱ ነው?" በሉ። "ሁሉንም እችላለሁ" የሚል ልጅ ያስፈራል። "እዚህ ድረስ እኔ፣ ከዚህ በኋላ ሐኪም" የሚል ልጅ ያኮራል።

ሦስተኛ፣ "የሠራችሁትን አሳዩን" በሉ። ትራንስክሪፕቱን አስቀምጣችሁ ጽሑፉን፣ መጠይቁን፣ ሰንጠረዡን እዩ። ባይገባችሁ እስኪገባችሁ እንዲያስረዷችሁ አድርጉ። ለወላጅ ማስረዳት ራሱ ፈተና ነው።

ኮሚቴያችንም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አራት ሐሳቦችን ያቀርባል። የሳይኮሎጂ ተማሪዎች ከድጋፉ እንዳይወጡ እንጠይቃለን። ድጋፍ የሚያገኝ ማንኛውም ተማሪ፣ ሳይኮሎጂም ይማር ሌላ፣ ሲገባ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲጽፍ፣ ሲጨርስም ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንዲመልስ፣ ሁለቱም በፋይሉ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ እንፈልጋለን። የሳይኮሎጂ ተማሪዎች ጥያቄ "በማኅበረሰባችን የሚነገር አንድ አባባል እውነት መሆኑን እንዴት ታረጋግጣለህ?" የሚል ይሆናል። በጥቂት ልጆች ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲን መመዘን አይቻልም፤ ልጁን ግን ማወቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚህ አዳራሽ በአማርኛ ያቅርቡልን። አራተኛ፣ የተመዘገቡ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አድራሻ በጽሕፈት ቤታችን ይቀመጥ፤ አዲስ ተመራቂን እንደ ሐኪም መጥራት ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ጥያቄውን ላነሡት አባት ምስጋና ይግባቸው። ጥያቄያቸው የሁላችን ነበር፤ ከፋዩ የገዛውን ማወቅ መብቱ ነው። ልጃቸውም አሁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። ከሁሉ አስቀድመው እሷን እንዲጠይቋት አደራ እንላለን።

በመጨረሻም ያቺን በረንዳ ላይ ያዋረድናትን ልጃችንን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ረቂቁን አሳይተናት ነበር። ስለ ራሷ የተጻፈውን አልነካችም። ነገር ግን የልጁን ቤተሰብ ሊያሳውቅ የሚችል አንድ ዝርዝር በጽሑፉ ውስጥ ነበረ። "ይህን አውጡት፤ ሰው ይለያቸዋል" አለችን። እኛ ሰባት የኮሚቴ አባላት አንብበነው አልታየንም ነበር። አወጣነው።

ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ፣ ለልጆቻችን መልካም ፍሬ ይስጥልን።